አዲሱ ኮንሶል ሆድ ውስጥ ያለው የድሮ ኮንሶል

የድሮ ጌም እንደምወድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፣ "ላፕቶፕ ላይ ኢሙሌተር ጭነህ አትጫወትም እንዴ፣ ምን አሮጌ ዕቃ ስትፈታታ ትውላለህ?" ይሉኛል። ልክ ናቸው በከፊል። ዛሬ ማንኛውም ላፕቶፕ፣ ስልክ ራሱ፣ የሱፐር ኒንቴንዶን ጌም ያለ ችግር ያጫውታል። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር፦ አንዳንድ ኮንሶሎች (የጌም ማሽኖች) ውስጥ ከነሱ በፊት የነበረው ኮንሶል በአካል አለ። በአካል ስል በሶፍትዌር የተመሰለ ሳይሆን ቺፑ ራሱ፣ ወይ የቺፑ ልጅ፣ እዛው ቦርዱ ላይ ተቀምጧል ማለቴ ነው። ኩባንያው አስገብቶት ከዛ ቆልፎበታል፣ ወይ ግማሹን ከፍቶ ግማሹን ዘግቶታል። ኮንሶል ሞድ ማድረግ (ኩባንያው ያልፈቀደውን ፕሮግራም እንዲያነሳ ማድረግ) ለኔ ያንን በር መክፈት ነው፣ ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው።

ልዩነቱ ምንድነው ለምትሉ ባጭሩ፣ ኢሙሌተር የድሮው ፕሮሰሰር የሚገባውን ትእዛዝ አንድ በአንድ እየተረጎመ ለአዲሱ ፕሮሰሰር የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው፣ ፕሮሰሰሩን ብቻ ሳይሆን የምስሉንና የድምፁንም ቺፕ መምሰል አለበት፣ ሶስቱም ደግሞ ሰአታቸው መገጣጠም አለበት። ለዛ ነው ሱፐር ኒንቴንዶ ራሱ 3.58 ሜጋኸርዝ ብቻ ሆኖ እሱን በደንብ ለመምሰል ብዙ መቶ ሜጋኸርዝ የሚፈለገው፣ ምንም ሳይዛነፍ ይምሰል ካላችሁ ደግሞ ከዛም በላይ። ሃርድዌሩ ዘመድ ከሆነ ግን ትርጉም የሚባል ነገር የለም፣ ጌሙ በቀጥታ ይሰራል፣ ፍጥነቱም ድምፁም የራሱ ነው፣ አዝራር ስትጫኑና ሰውየው ሲዘል መሃል ላይ የሚጨመር መዘግየት የለም።

የኒንቴንዶን ዊ እንውሰድ፣ የኔ አንደኛ እሱ ስለሆነ። በ2006 ነው የወጣው። ፕሮሰሰሩ ብሮድዌይ ይባላል፣ 729 ሜጋኸርዝ። ከሱ በፊት የነበረው ጌምኪዩብ ደግሞ ጌኮ የሚባል 486 ሜጋኸርዝ ነበረው። ሁለቱም አይቢኤም የሰራቸው ፓወርፒሲ የሚባሉ ፕሮሰሰሮች ናቸው፣ ብሮድዌይ ፈጠን ያለ ጌኮ ነው ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም፣ የግራፊክስ ቺፑም እንደዛው። የመጀመሪያዎቹን ዊዎች ክዳን ብትከፍቱ አራት የጌምኪዩብ ጆይስቲክ መሰኪያና ሁለት የሜሞሪ ካርድ ቦታ ታገኛላችሁ፣ የጌምኪዩብ ዲስክ ስታስገቡበት ዊው ፍጥነቱን ቀንሶ በቃ ጌምኪዩብ ይሆናል። በ2011 የወጣው ሞዴል ላይ መሰኪያዎቹን አነሷቸው፣ ቺፑ ግን ያው ቺፕ ነው። ዊ ዩ ደግሞ በ2012 መጣ፣ የዊን ጌም ይጫወታል፣ ጌምኪዩብ ግን የለም ተባለ። ሞድ ያደረጉ ሰዎች ኒንቴንዶንት የሚባል ፕሮግራም ሰርተው የጌምኪዩብን ጌም ከኤስዲ ካርድ ወይም ከዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ዊ ዩ ላይ ሳይቀር አስጫወቱ፣ ያለ ኢሙሌሽን። ለምን ቢባል ሃርድዌሩ ድሮም እዛው ነበር፣ ማንም አላወጣውም። ሜሞሪ ካርዱ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፣ ኦርጅናል ጆይስቲክ ከሌላችሁ በሌላ ትጫወታላችሁ፣ ዲስክ አንባቢው የሞተበት ዊ ራሱ ስራ አለው ማለት ነው።

አከፋፈቱ ራሱ ደግሞ ጌም ነው። መጀመሪያ ዊ የተደፈረው እንደ ጌምኪዩብ ሲሰራ ነው፣ ይሄን ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል፣ ማለትም የድሮው ኮንሶል ነው አዲሱን ያስከፈተው። ዊ ወደ ጌምኪዩብ ሲቀየር አብዛኛው የሜሞሪው ክፍል ይደበቃል፣ ግን አይጠፋም፣ ዊው ይጠቀምበት የነበረው ሚስጥራዊ ቁልፍ እዛው የተደበቀው ሜሞሪ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ቲም ትዊዘርስ የሚባሉት ልጆች ቦርዱ ላይ ያሉትን የሜሞሪ አድራሻ መስመሮች በፒንሴት፣ አዎ በዛችው ቅንድብ በሚነቀልባት ፒንሴት፣ እያገናኙ ጌምኪዩቡ የተደበቀውን ክፍል እንዲያይ አደረጉትና ቁልፉን አንብበው አወጡት። በ2007 መጨረሻ ነው ይሄ የታየው። በ2008 ደግሞ ሰው ሁሉ ቤቱ ሊያደርገው የሚችል መንገድ መጣ፣ ትዋይላይት ፕሪንሰስ የሚባለው የዜልዳ ጌም ውስጥ የፈረሷን ስም ራሳችሁ ትሰጣላችሁ አይደል፣ ሴቭ ፋይሉ ላይ ከልክ ያለፈ ረጅም የፈረስ ስም ሲፃፍ ጌሙ ርዝመቱን አይቆጣጠርም ነበርና ስሙ ሞልቶ ይፈስና ኮንሶሉ ማስኬድ የማይገባውን ኮድ ያስኬዳል። በፈረስ ስም ተከፈተ እላችኋለሁ! ኒንቴንዶ በአፕዴት ሊዘጋው ሲሞክር እነሱ ዞረው ሲመጡ ቆይተው በመጨረሻ ተዘጋ፣ ከዛ ሌሎች መጡ፣ በ2011 ደግሞ ሌተርቦምብ የሚባለው፣ ኮንሶሉ የመልእክት ሰሌዳ ላይ እንደ ደብዳቤ የሚመጣው፣ ወጣ። እሱ በመጨረሻው የዊ ሶፍትዌር ላይ እስካሁን ይሰራል።

አሁን ዊን ከምንም በላይ እንድወደው ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ፣ እሱም ምስሉ ነው። የድሮ ኮንሶሎች፣ ኔስ፣ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ሜጋድራይቭ፣ ምስላቸው 240 መስመር አካባቢ ነው፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ሙሉ ምስል ይልካሉ። ጀርባቸው ትልቅ የሆኑት የድሮ ቲቪዎች ለዚህ የተሰሩ ናቸው ማለት ይቻላል፣ በየመስመሩ መሃል ትንሽ ጥቁር ክፍተት ይቀራል፣ ያን ጊዜ የነበሩት የጌም ሰአሊዎችም ያንን ክፍተትና የቀለሙን መደብዘዝ አስበውበት ነው የሳሉት። አዲስ ጠፍጣፋ ቲቪ ላይ ተመሳሳዩን ምልክት ብትሰኩ ብዙዎቹ ቲቪዎች 480 መስመር ያለው የተጠላለፈ (ግማሹ መስመር አንዴ፣ ግማሹ ቀጥሎ የሚላክ) ምስል ነው ብለው ያስቡትና "ላስተካክለው" ብለው ያበላሹታል፣ ውጤቱ የተጨማለቀ ምስልና መዘግየት ነው። አንዳንዱ ጭራሽ ምልክቱን አይቀበልም።

ሞድ የተደረገ ዊ ላይ ግን እነ ስኔስ9ኤክስ ጂኤክስ፣ ኤፍሲኢ አልትራ ጂኤክስ፣ ጀነሲስ ፕላስ ጂኤክስ የሚባሉት ኢሙሌተሮች እውነተኛ 240 ፒ (ያልተጠላለፈ 240 መስመር) ምልክት ማውጣት ይችላሉ፣ ማለትም ዊው የድሮውን ቲቪ ልክ እንደ ሱፐር ኒንቴንዶ ያናግረዋል። የድሮ ቲቪ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ አትጣሉት። እዚህ ላይ የምናወራው ስለ ኢሙሌሽን ነው፣ ዘመድነት ስላልኩ አትያዙኝ፣ ግን የምስሉ አወጣጥ ኦርጅናል ስለሆነ ከኮምፒውተር ላይ ኢሙሌተር ጋር አይገናኝም። ኮምፒውተር ላይ ያንን ምልክት ለማውጣት የድሮ ግራፊክስ ካርድና ልዩ ድራይቨር ምናምን ስትፈልጉ ነው የምትውሉት፣ ዊ ላይ ሴቲንግ ውስጥ አንድ መስመር ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያደገበት ጉድ አለ። ፓል የሚባለው የቲቪ ስርአት በነበረባቸው ሀገሮች ቲቪው በሰከንድ 50 ጊዜ ነበር የሚስለው፣ ጌሞቹ ደግሞ አብዛኞቹ የተሰሩት ለ60 ነው። ብዙ ኩባንያዎች ወደ ፓል ሲያመጡት ምንም ሳያስተካክሉ ዝም ብለው ለቀቁት፣ ስለዚህ ጌሙ 17 በመቶ ገደማ ቀስ አለ፣ ምስሉም ተጨፍልቆ ከላይና ከታች ያለው ቦታ ጥቁር ሆነ። የመጀመሪያው ሶኒክ፣ ፈጣኑ ሶኒክ፣ ፓል ሜጋድራይቭ ላይ ሙዚቃው ሳይቀር እየተንቀረፈፈ ነበር የሚሄደው፣ ሰው ግን ሌላ አያውቅምና በቃ እንደዛ ነው ብሎ ተጫወተው። ሞድ የተደረገ ኮንሶል ላይ የ60ውን ቅጂ ስትከፍቱት የምታውቁት ጌም ድንገት ሲፈጥንባችሁ መጀመሪያ የተበላሸ ነው የሚመስላችሁ፣ እጃችሁ የለመደው ሌላ ሰአት ነዋ። ከዛ በኋላ ግን ወደ 50ው መመለስ የለም።

ወደ ዘመዶቹ ልመለስ። ሶኒ ጋ ያለው ሰንሰለት ይበልጥ ያስቃል። ፒኤስ 1 (የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን) ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር 33.8 ሜጋኸርዝ የሆነ ሚፕስ የሚባል አይነት ነው። ፒኤስ 2 በ2000 ሲወጣ ያንኑ ፕሮሰሰር አስገቡበት፣ ፒኤስ 2 ጌም ስትጫወቱ እሱ ጆይስቲክና ሜሞሪ ካርድና ድምፅ የሚያስተናግድ ረዳት ሆኖ ይሰራል፣ የፒኤስ 1 ሲዲ ስታስገቡ ደግሞ ተነስቶ ዋና ይሆናል። (በኋላ የመጡት ቀጫጭኖቹ ሞዴሎች ላይ፣ ከ75000 ጀምሮ፣ እሱንም አውጥተው በሌላ ፕሮሰሰር አስመሰሉት፣ ለዛ ነው አንዳንድ ጌም እነሱ ላይ የሚያስቸግረው። ከተመረጠ ከነሱ በፊት ያለውን ያዙ።) ፒኤስ 2ን ሞድ ማድረግ ከሁሉ ቀላሉ ነው፣ ፍሪ ማክቡት የሚባለው በሜሞሪ ካርድ ላይ ይጫንና ካርዱን ሰክታችሁ ስታበሩት የራሱን ሜኑ ያመጣል፣ ኮንሶሉን መፍታት የለ፣ መበየድ የለ። የመጨረሻዎቹ 90000 ሞዴሎች አንዳንዶቹ ላይ ግን አይሰራም፣ ለነሱ በ2020 ፍሪዲቪዲቡት የሚባል መጣ፣ እሱ ደግሞ የኮንሶሉን የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻ ስህተት ተጠቅሞ የሚገባ ነው፣ በራይተር የተፃፈ ዲስክ ማስገባት ብቻ። ኮንሶሉ ከወጣ ከሃያ አመት በኋላ ቁጭ ብሎ የፊልም ማጫወቻውን የመረመረ ሰው አለ እኮ፣ እኔ እንዲህ አይነት ሰው ነው የማደንቀው።

ፒኤስ 2ን ሞድ የማድረግ ትልቁ ጥቅም ሌዘሩ ነው። የነዚህ ኮንሶሎች ሌዘር እየደከመ ነው፣ በተለይ ሰማያዊውን ሲዲ አላነብም የሚል ሞልቷል፣ ኦፒኤል በሚባለው ፕሮግራም ግን ያላችሁን ዲስክ ገልብጣችሁ ከሃርድ ዲስክ ወይም በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተር ትጫወታላችሁ። በዩኤስቢም ይቻላል ግን የፒኤስ 2 ዩኤስቢ የድሮው 1.1 ስለሆነ ቪዲዮ ሲመጣ መንተባተብ ይጀምራል፣ ጌሙ ራሱ ደህና ሆኖ ታሪኩ የሚነገርበት ፊልም እየተቆራረጠ ያናድዳችኋል። ኔትወርኩን ተጠቀሙ።

ቀጥሎ ፒኤስፒ፣ በእጅ የሚያዘው የሶኒ ኮንሶል። ፒኤስፒም ሚፕስ ነው፣ እስከ 333 ሜጋኸርዝ፣ ሶኒ በ2006 መጨረሻ በአፕዴት የፒኤስ 1 ማጫወቻ አስገባበት፣ ፖፕስ ይባላል፣ እጅግ ጥሩ ስራ ነው፣ ግን የሚከፍተው ከሶኒ ኦንላይን ሱቅ የተገዛውን ብቻ ነበር። ሼልፋችሁ ላይ የተደረደረው ሲዲ አይቆጠርም። ከስተም ፈርምዌር (በሶኒው ፈንታ የሚጫን የኮንሶሉ ሶፍትዌር) የሰሩት ልጆች ብዙም ሳይቆዩ ያንን ገደብ አነሱት፣ የራሳችሁን ሲዲ ወደ ፋይል ቀይራችሁ በሶኒው በራሱ ማጫወቻ ትጫወታላችሁ። ልብ በሉ፣ ኢሙሌተሩን አልሰሩም፣ ሶኒ የሰራውን ነው ያስከፈቱት። የሚጎድለው አዝራር ነው፣ ፒኤስፒ ኤል 2 እና አር 2 የለውም፣ ሁለተኛ አናሎግም የለውም፣ ስለዚህ ከጌም ጌም እየቀያየሩ መመደብ አለ።

የፒኤስፒን ባትሪ ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሞድ ሲያደርጉ መሃል ላይ ተቋርጦ የሞተ ፒኤስፒ፣ መብራቱ ብቻ በርቶ ስክሪኑ የማይመጣ፣ ያኔ በየቦታው ነበር። ለካስ የጥገና ሰዎች የሚጠቀሙበት ልዩ ባትሪ አለ፣ ኮንሶሉ ሲነሳ የባትሪውን ሲሪያል ነምበር ያነባል፣ ቁጥሩ የተወሰነ ነገር ከሆነ ከውስጥ ሜሞሪው መነሳቱን ትቶ ከሜሞሪ ስቲኩ ይነሳል። ይሄ በ2007 ታወቀ፣ ተራ ባትሪ ቁጥሩ ተቀይሮ ፓንዶራ ባትሪ ተባለ፣ የሞቱት ተነሱ፣ ያልሞቱትም በዛው ተከፈቱ። ሶኒ በኋላ የመጡት ሞዴሎች ላይ ይሄንን በር ደፈነው።

ቪታ፣ ከፒኤስፒ በኋላ የመጣው የሶኒ ኮንሶል፣ ደግሞ የሰንሰለቱ ጫፍ ነው። ዋና ፕሮሰሰሩ አርም የሚባል ሌላ አይነት ሆኖ ሳለ የፒኤስፒን ጌም ለማጫወት የፒኤስፒው አይነት ሚፕስ ቺፑ ውስጥ አለ። በ2016 ሄንካኩ የሚባለው መክፈቻ መጣ፣ ያኔ ብሮውዘሩን ከፍታችሁ አንድ ገፅ መጎብኘት ብቻ ነበር፣ ከዛ አድሬናሊን የሚባለውን ስትጭኑ ሙሉ ፒኤስፒ ቪታ ውስጥ ይከፈታል፣ የፒኤስፒው ሜኑ ሳይቀር። የቪታ ስክሪን 960 በ544 ነው፣ የፒኤስፒ 480 በ272፣ ልክ እጥፍ፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ አራት ነጥብ ሆኖ ያለ ምንም መደብዘዝ ይቀመጣል፣ የመጀመሪያው ቪታ ኦሌድ ስለሆነ ደግሞ ቀለሙ ሌላ ነገር ነው። እዛ ላይ ፒኤስ 1 ጌም ከፈታችሁ ምን እየሆነ እንዳለ አስቡት፣ ቪታ ውስጥ ፒኤስፒ፣ ፒኤስፒ ውስጥ ፒኤስ 1። የጎደለው ሁለተኛ አናሎግም እዚህ አለ። የቪታ ችግሩ ሜሞሪ ካርዱ ነበር፣ የራሱ ብቻ የሆነ፣ ውድ፣ ሌላ ቦታ የማይሰራ፣ አሁን ግን በጌም ካርዱ ቀዳዳ የሚገባ ትንሽ አዳፕተር አለ ማይክሮ ኤስዲ የሚቀበል። በኪስ የሚያዝ ነገር አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው።

ከቪታ ጋር የሚፎካከረው የኒንቴንዶ 3ዲኤስ ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ኒንቴንዶ ያደረገው ነገር ያበግነኛል። 3ዲኤስ ውስጥ የጌምቦይ አድቫንስ ፕሮሰሰር፣ አርም 7፣ አለ። ከሱ በፊት የነበረው የዲኤሱም አለ። የዲኤስ ጌም ካርድ አስገብታችሁ ስትጫወቱ ኢሙሌሽን አይደለም። (የዲኤስ ጌም ስትከፍቱ ስታርት ወይም ሰሌክት ተጭናችሁ ብትቆዩ ምስሉ ሳይለጠጥ በራሱ ልክ ይመጣል፣ ይሄን ሞድ ሳያደርግ የሚጠቀም ሰውም ማወቅ አለበት፣ የተለጠጠው በጣም ደብዛዛ ነው።) በ2011 ዋጋው በድንገት ሲወርድ ቀድመው ለገዙት ማካካሻ ተብሎ 10 የጌምቦይ አድቫንስ ጌሞች ተሰጡ፣ በቀጥታ ሃርድዌሩ ላይ የሚሰሩ። ከዛስ? ከዛማ በቃ። ለሌላ ሰው ሳይሸጡት ቀረ። እንደሚሰራ አሳዩንና ዘጉት። የ3ዲኤስ ኦንላይን ሱቅ ራሱ በመጋቢት 2023 ሲዘጋ ነገሩ አለቀ፣ ከዛ በኋላ በህጋዊ መንገድ ልግዛ ብትሉ እንኳን የምትገዙበት የለም። ሞድ ስታደርጉት ግን ኦፕን ኤጂቢ ፈርም የሚባለው ያንን የተኛ ቺፕ ቀስቅሶ የጌምቦይ አድቫንስን ጌም ያነሳዋል፣ 240 በ160 የነበረው ምስል በአንድ ተኩል ሲባዛ 360 በ240 ሆኖ ላይኛው ስክሪን ቁመት ላይ ልክ ይገጥማል። አንድ ተኩል ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ ትንሽ ማለስለስ አለው፣ እንደ ቪታው ጥርት አይልም፣ ስሜቱ ግን ያው ጌምቦይ ነው።

ዘመድ ሳይኖራቸው በጉልበት ብቻ የሚያጫውቱም አሉ፣ የመጀመሪያው ኤክስቦክስ የነሱ አባት ነው። በ2001 ሃርድ ዲስክ ይዞ የመጣ፣ 733 ሜጋኸርዝ ኢንቴል፣ 64 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ በቃ ኮምፒውተር ነው። የአንዳንድ ጌሞች ሴቭ ፋይል ውስጥ ባለ ስህተት ይከፈታል፣ ከዛ ኔስ፣ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ሜጋድራይቭ፣ የአርኬድ ማሽኖች፣ ሁሉን ይችላል፣ ኒንቴንዶ 64 ላይ ሲደርስ ግን ያቃስታል። ዛሬ ኮዲ የሚባለው የፊልም ማጫወቻ የተወለደው እዚህ ሞድ የተደረገ ኤክስቦክስ ላይ ነው፣ ስሙን የቀየረው በ2014 ነው። ኤክስቦክስ ያላችሁ ሰዎች ግን ሞድ ከማሰባችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፣ ከ1.6 በፊት ያሉት ሞዴሎች ውስጥ ሰአቱን የሚይዝ አንድ ካፓሲተር አለ፣ በጊዜ ብዛት ፈሳሹ ይወጣና ቦርዱን ይበላዋል። ኮንሶሉ ያለሱም ይሰራል፣ ሰአት ብቻ ነው የሚረሳው፣ ስለዚህ አውጡት። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ከቦርዱ ጋር በቁልፍ የተሳሰረ ስለሆነ ኢኢፕሮም የሚባለውን፣ ቁልፉ ያለበትን ቺፕ፣ ባክአፕ ሳትይዙ ዲስኩ ከሞተባችሁ ኮንሶሉም አብሮ ይሞታል።

የኒንቴንዶ ስዊች ላይ ብዙ አልቆይም። በ2018 የተገኘው ስህተት የማይፃፍበት የቺፑ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ያንጊዜ የተሸጡት በአፕዴት አይዘጉም፣ የቀኝ ጆይስቲኩ ሃዲድ ላይ ያለች አንዷን ፒን ከመሬት (ግራውንድ ከሚባለው መስመር) ጋር ማገናኘት ነው መጀመሪያው። ጉልበት አለው፣ ሬትሮአርች (ብዙ ኢሙሌተሮችን የያዘ ፕሮግራም) ላይ ብዙ ነገር ይጫወታል፣ ግን ከድሮዎቹ ጋር ስጋ ዝምድና የለውም፣ ቺፑ የኤንቪዲያ ቴግራ ነው፣ ስልክ ላይ ከመጫወት ለኔ ብዙም አይለይብኝም። ኦንላይን ከገባችሁበት ደግሞ ሊታገድ ይችላል። አዲሶቹ ኤክስቦክሶች ላይ በዲቨሎፐር ሞድ (ማይክሮሶፍት ራሱ ለፕሮግራመሮች የፈቀደው አሰራር) ምንም ሳትሰብሩ ሬትሮአርች ትጭናላችሁ፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ የተመቸ ነው፣ ደስታ ግን የለውም። ትናንሾቹን ኔስ ሚኒና ሱፐር ኒንቴንዶ ሚኒም ሰው ሃክቺ በሚባለው ከፍቷቸዋል፣ ሁለቱ ውስጥ ያለው ቦርድ ደግሞ አንድ አይነት ነው።

ህጉን በተመለከተ፣ የሀገር ሀገር ህግ ይለያያል፣ እኔ ግን የያዝኩትን ጌም ራሴ ገልብጬ ነው የምጫወተው፣ ነገሩም ከሚመስለው ይቀላል፣ ዊ ላይ ክሊንሪፕ የሚባለው የዊንና የጌምኪዩብን ዲስክ ወደ ዩኤስቢ ይገለብጣል፣ 3ዲኤስ ላይ ጎድሞድ 9 የገባውን ካርድ ከነሴቩ ያወጣል። ሴቩ ላይ አተኩሩ እላለሁ፣ የድሮ ካርትሪጆች ሴቭ የሚይዙት በትንሽ ባትሪ ነው፣ ሰአት ያላቸው የፖኬሞን ጎልድና ሲልቨር ደግሞ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሱታል፣ ባትሪው ሲሞት የልጅነት ስራችሁ አብሮ ይጠፋል። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ክላሲክ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም፣ ስለዚህ "ገዝተህ ተጫወት" የሚለው መልስ ለአብዛኛው ጌም መልስ አይደለም።

እና ምንም ነገር ከመጫናችሁ በፊት፣ ዊ ከሆነ ቡትሚ በሚባለው ፕሮግራም፣ 3ዲኤስ ከሆነ በጎድሞድ 9፣ ናንድ የሚባለውን ሙሉ የውስጥ ሜሞሪ ባክአፕ አድርጉና ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ቪዲዮ እያያችሁ አትስሩ፣ የአምስት አመት ቪዲዮ የአምስት አመት ፋይል ነው የሚሰጣችሁ፣ የተፃፈውንና የሚታደሰውን መመሪያ ከላይ እስከታች አንብቡ፣ ስታነቡ አሰልቺ የሚመስለው መስመር ነው ብዙ ጊዜ ኮንሶል የሚገድለው።

አሁን ትጠይቁኛላችሁ፣ ሴጋ ሳተርንስ? የሚያሳዝነው እሱ ነው። ሁለት ኤስኤች 2 ፕሮሰሰር ጎን ለጎን፣ ሁለት የምስል ቺፕ፣ ሁሉም በአንዴ የሚሰራ፣ ለመምሰል ከዘመኑ ማሽኖች በጣም ከሚያስቸግሩት አንዱ ነው። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ድሪምካስት ኤስኤች 4 ቢኖረውም ሳተርንን አይጫወትም፣ ሴጋ ደግሞ በ2001 ኮንሶል መስራቱን ተወው፣ ስለዚህ ሳተርንን ሆዱ ውስጥ የያዘ ኮንሶል በአለም ላይ የለም። ዊ አይችለውም፣ ፒኤስፒ አይችለውም፣ ስዊች በግድ በግድ ነው። እኔ እሱን የምጫወተው በኦርጅናሉ ነው፣ ከኋላ የካርትሪጅ ቀዳዳው ላይ የሚሰካ፣ ስዶ ሳተርን ካይ የሚባል፣ የተገለበጠ ዲስክ የሚያስጫውት ፕሮግራም የተጫነበት ካርድ አስገብቼ። ቀዳዳው በእርጅና ስለላላ ካርዱ ትንሽ ከተነካ ኮንሶሉ እንደሌለ ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ አጥፍቼ፣ ነቅዬ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጌ መልሼ እሰካለሁ፣ ከዛ አበራለሁ።